ባላባቱ በር ላይ

ሸዋንግዛው የደጃዝማች የልጅ ልጅ ነኝ እያለ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈርን ከረገጠ ወዲህ፣ የሮማው የሐበሻ ማኅበራችን ወንበር የአባቱ ርስት ሆነ። ሳህሉ ግን ሁሌም በር ጠባቂ። አንዴማ ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ፣ ሠርግ ላይ፣ ሳህሉ ሰላም ሊለው እጁን ቢዘረጋለት ሸዋንግዛው አስተናጋጅ መስሎት ባዶ ሳህን አስጨበጠው። ዓመታት አለፉ፤ ሳህሉ ግን ያቺን ቀን አልዋጣትም።

የማኅበሩን ልጆች የምታስተምረው ማክዳ ስለ ጥንቷ አቴንስ ቲያትር ስትጽፍም ያው ሆነ። ታሪኩ የአልክሜዎን ቤት ስለሚባሉ ባላባቶችና ስለ ልጃቸው ስለ ክሌስቴንስ ነው።

«ክሌስቴንስን እኔ እጫወተዋለሁ» አለ ሸዋንግዛው። «ባላባትን ባላባት ካልሆነው ማን ሊሆነው?»

«እኔስ?» አለ ሳህሉ።

«አንተማ ሕዝብ ነህ። ትጮኻለህ፣ አለቀ።»

ሸዋንግዛው ልምምድ ላይ ዝር አላለም። ባላባትነት አይጠናም አለ። ሳህሉ ግን አንድም ቀን ሳይቀር ስለ ታሪኩ ማክዳን ይጠይቃት ነበር።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ቤቱ እኮ የተረገመ ነው» አለችው። «መቅደስ የተጠጉ ሰዎችን አስገድለዋል። ኋላ ክሌስቴንስ በባላንጣው ሲሸነፍ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ተሰደደም። ባላንጣው የጠራቸውን ስፓርታዎች ከብቦ ያስወጣና እሱን የመለሰው ሕዝቡ ነው።»

«አሎራ፣ እንግዲያው ካልጠራነው አይገባም በይኛ!»

«እንዴት አድርጎ!»

የቲያትሩ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ሸዋንግዛው ነጭ አንሶላ ተጎናጽፎ ከካርቶን በሩ ፊት ተገተረ።

«ክሌስቴንስ ነኝ፣ ክፈቱ!»

እንደ ሕዝብ በሩን የያዘው ሳህሉ ንቅንቅ አላለም። «ቤትህን እናውቀዋለን፤ እርግማን ያለበት ቤት! ምን ይዘህልን መጣህ?»

ይህን ያልተለማመደው ሸዋንግዛው ወደ በሩ ተጠጋ። «ክፈት እንጂ አንተ!» አለ በሹክሹክታ። ማክዳን ቢያያት ሳቋን ልትደብቅ አንገቷን ደፍታለች።

«መልስለት እንጂ የኔ ጌታ!» አሉ እማማ ውባንቺ ከፊት ወንበር። «ምላስህን የት ጣልካት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የደጃዝማች የልጅ ልጅ ላቡን በአንሶላው ጠረገ፤ ዞር ቢል መውጫ የለም።

«እሺ… ምን ልበል?»

«እውነቱን!» አለ ሳህሉ።

«ያለ እናንተ… አልገባም። አልችልም።»

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሳህሉ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና፣ ጀርባውን ሰጥቶት እየተንጎራደደ መጀመሪያ ራሱ ገባ።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ ና» አለው ዞር ሳይል። «ከኋላዬ።»