የነሐሱ ቦምብ

ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም። አሁን እንኳ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

አባቴ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት ሲቀርጽ የኖረ ሰው። እነሱ ወርክሾፕ አንድ ልማድ አለ። የማንኛቸውም ልጅ የቢሮ ሥራ ሲያገኝ ከቁርጥራጭ ነሐስ የእጅ ቦምብ ቀርጸው ይሰጡታል። ውስጡ ድፍን ነው፣ ወረቀት እንዳይበር መጫኛ ይሆናል። "ወረቀት ቦምብ እንጂ ሌላ አይፈራም" እያሉ ይስቃሉ። እኔም ውጭ አገር ሥራ ሳገኝ የእኔው በአባዬ እጅ ተሠራልኝ፤ ቀለበቱ ሳይቀር ተበጅቶለት፣ እስኪያብለጨልጭ ተወልውሎ።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ የአየር መንገዱን የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር ከስልኬ ላይ አነበበ። "ስለት አይደለም። ፈሳሽ አይደለም። አይቃጠልም" አለና በሹራብ ጠቅልሎ ከትልቁ ሻንጣ ሥር ወሸቀው። "ይሄ ከታች ይሂድ። እጅሽ ላይ እንዳታደርጊው፣ መልኩ ሰው ያስደነግጣል።"

ኤርፖርት ስንደርስ ሻንጣው ሁለት ኪሎ በለጠ። ሰልፉ ከኋላዬ ያጉረመርማል፣ መዛኟ በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን ትመታለች። እኔ ደግሞ ሲያጣድፉኝ ነገር ዓለሙ ይጠፋብኛል። ከባድ ከባዱን፣ በሹራብ የተጠቀለለውንም ጭምር፣ መንጭቄ ወደ እጅ ሻንጣዬ ወረወርኩት።

"ሚጣ፣ እሱን እንኳ..." አለ አባዬ።

"አባዬ በናትህ፣ አታስጨንቀኝ።"

ትልቁን ሻንጣ መልሶ ዘጋልኝ።

ፍተሻው ላይ የእጅ ሻንጣዬ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሦስት ጠባቂዎች መጡ። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ልጇን ጎትታ ሸሸች። ኃላፊያቸው፣ በዕድሜ ከእኔ የማይበልጥ ሰው፣ ያን የሚያብለጨልጭ ነገር አወጣና "የማን ነው?" አለ።

ሥራው፣ ቪዛው፣ ሁለት ዓመት ደጅ የጠናሁበት ሁሉ ሊያመልጠኝ ነው። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ "እኔ አላየሁትም። አባቴ ይሆናል የከተተው" አልኩ።

አባዬ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ሊሸኘኝ እጁን እያወዛወዘ ነበር። ጠሩት። ጫማና ቀበቶውን አስወልቀው አስገቡት። አንዱ ካልሲው ጥቁር፣ ሌላው ቡናማ ነበር። ለእኔ ሲቻኮል ነው።

"አባባ፣ ይሄን እርስዎ ነዎት የከተቱት?"

ቦምቡን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

"እኔ ነኝ። እሷ አላየችም።"

"በዚህ ዕድሜዎ? ትንሽ አያፍሩም?"

"ልክ ነህ ልጄ" አለ አባዬ።

ማፈር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔን ወዲያው ለቀቁኝ፣ እሱን ቃሉን ሊቀበሉት ወደ ውስጥ ወሰዱት። ቀበቶ የሌለውን ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው "ሂጂ፣ ያመልጥሻል" ብሎ ምልክት ሰጠኝ። ሄድኩ። እንዲያውም ሮጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ደወለ። በስንት ሰዓት እንደለቀቁት ብጠይቀው ወሬውን አስቀየሰኝ። ስለ አዲሱ ቢሮ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ሚጣዬ፣ ያን ነገር መሥራቴ ነው ጥፋቱ። ሰው ፊት አዋረድኩሽ። ይቅር በይኝ" አለ።

እውነቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። "አባዬ፣ እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

"ምንም አይደለም አባዬ፣ ያጋጥማል" አልኩት።

ይቅር ብዬው ስልኩን ዘጋሁ።