የዊልፍ ጠመንጃ የተለካች ዕለት

ክላይቭ ኦግደን የአባቱን ጠመንጃ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ሲገባ ስታን ገና ሻዩን አልጨረሰም ነበር። እሑድ ጠዋት ነው፤ እንደ ወጉ ያካፋል። የዒላማ ተኩስ ክለባችን ቤት ከድንጋይ ካባው ሥር ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ዝናብ ሲመታት ካልጮህን አንሰማማም።

"መጣህ?" አለው ስታን።

"መጣሁ።"

"እኔ እኮ ትቀራለህ ብዬ ነበር።"

"ለምን እቀራለሁ? የሚያስፈራኝ ነገር የለም።"

ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

ነገሩ የተጀመረው በዊልፍ ቀብር ዕለት ነው። ዊልፍ፣ የክላይቭ አባት፣ በአየር ጠመንጃ የሩቅ ዒላማ በመጣል በአካባቢያችን አቻ አልነበረውም። በየዓመቱ ዋንጫውን እሱ ይወስዳል፤ በየዓመቱ ስታን ሁለተኛ ይወጣል። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው። የአየር ጠመንጃ ጉልበቷ ከአሥራ ሁለት ፉት ፓውንድ ካላለፈ ማንም ቤቱ ሊያስቀምጣት ይችላል። ካለፈች ግን ያለ ፈቃድ መያዝ ያሳስራል። ጉልበቷ የበዛ ጠመንጃ የእርሳስ ጥይቷን ሩቅ ድረስ ቀጥ አድርጋ ስለምትልክ፣ በውድድር ላይ እንዲህ ያለችውን ይዞ መቅረብ ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው። ያኔ ክለባችን የጉልበት መለኪያ አልነበረውም። ዊልፍ "ሕግ ውስጥ ናት" ይላል፤ ሰውም አምኖ ዋንጫውን ይሰጠዋል። ስታን ያጨበጭባል፤ ሲያጨበጭብ ግን ጥርሱን ነክሶ ነው።

ከቀብር መልስ መጠጥ ቤት ተሰብስበን፣ ስታን ቢራው ሞቅ ሲያደርገው፣ "ነፍሱን ይማርና፣ ያቺ ጠመንጃ ልኳን ያለፈች ነበረች" አለ። ክላይቭ ከኋላው ቆሞ ነበር። ክላይቭ ሳንዱቹን ሳህኑ ላይ መልሶ፣ "እሑድ አመጣታለሁ። ዶሪን ትለካት" አለ።

ዶሪን እኔ ነኝ። የሰዉን ጠመንጃ የምለካው ማንም ሾሞኝ አይደለም፤ መለኪያውን የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። ሰው ሲሞት ልጆቹ ጣሪያ ሥር ያገኙትን ዝገታም ጠመንጃ ተሸክመው ወደ እኔ ይመጣሉ። ወንጀለኛ የሆኑ ይመስላቸዋል። ጠመንጃዎቹን ስተኩስ ግን አብዛኞቹ ድመት እንኳ የማያስበረግጉ ሆነው ይገኛሉ። ስቀው፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። የዊልፍ ጠመንጃ እንደዚያ እንደማትሆን ግን አውቅ ነበር።

"ክላይቭ፣ አስቀድመህ ስማኝ" አልኩት። "ካለፈች ይዘሃት አትወጣም። ፖሊስ እጠራለሁ፤ ወስደው ያቀልጧታል። አሁን ሐሳብህን ብትቀይር ማንም አይስቅብህም።"

"እኔ እስቃለሁ" አለ ስታን።

"አንተ ዝም በል!"

ክላይቭ ብርድ ልብሱን ገለጠ። እንጨቷ ያበራል፤ ብረቷ ያብረቀርቃል። ዊልፍ እጅ እያለች እንኳ እንዲህ አምራ አይቻት አላውቅም።

"ሳምንቱን ሙሉ ስወለውላት ነው የከረምኩት" አለ ክላይቭ። "አባዬ ቆሻሻ ጠመንጃ ይዞ ክለብ መምጣት ነውር ነው ይል ነበር።"

የዊልፍ ጎረቤት ነኝ። ታሞ በተኛበት ዓመት ክላይቭ ስንት ጊዜ ብቅ እንዳለ አይቻለሁ፤ ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ሥራ ይበዛበታል፣ ሁሉም ሰው ምክንያት አያጣም። አባቱን ያልጠየቀ እጅ አሁን የአባቱን ጠመንጃ ሳምንት ሙሉ ሲወለውል ሳስበው አናደደኝም፣ አሳዘነኝም።

እርሳሷን አጉርሼ በመለኪያው ላይ አሳልፌ ተኮስኩ። የቆርቆሮው ቤት ተናጋ፤ የአየር ጠመንጃ እንዲህ አይጮህም። ከአፈሙዟ ሰማያዊ ጭስ ወጣ። መለኪያው አሥራ ሰባት አለ።

ክላይቭ ቁጥሩን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፤ የተሳሳትኩ እንደሆነ ብሎ ነው መሰለኝ። እኔ ግን እያሸተትኩ ነበር። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።

"ክላይቭ፣ ዘይት አስገብተህባታል?"

"አዎ። በዚያች በቀዳዳዋ። ልጅ ሆኜ አባዬ ሲያደርግ አይቻለሁ።"

"ስንት ጠብታ?"

"ጠብታ?" አለ። "ጣሳውን እኮ ጨረስኩት። ደርቃ ነበር፤ አንጀቴን በላችው።"

እግዜር ያሳያችሁ! ዊልፍ በዓመት አንዴ፣ አየሩ እንዳያፈተልክ የሚያሽገው የቆዳ ጓርኒሲዮን እንዳይደርቅ፣ አንዲት ጠብታ ጣል ያደርግላት ነበር። ጣሳ ሙሉ ሲሆን ግን የታመቀው አየር ዘይቱን እንደ ናፍጣ ሞተር ያነድደዋል። ጠመንጃዋ የራሷ ባልሆነ ጉልበት ትተኩሳለች።

ስታን ሊፎክር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ኩባያውን አስቀምጦ ተነሣ። "ዘይት ነው" አለ። "እኔም ሸትቶኛል። በዚህ አይፈረድም። ነድዶ እስኪያልቅ ተኩሺ፣ ዶሪን።"

ተኮስኩ። አሥራ ስድስት። ደግሜ ተኮስኩ፤ ትንሽ ወረደ። ጭሱ እየሳሳ፣ ጩኸቱ እየለዘበ ሄደ። ሁለቱም ትከሻዬ ላይ ተደፍተው ቁጥሩን ያያሉ። "ውረጂ" ይላል ክላይቭ በሹክሹክታ። "ውረጂ፣ ውረጂ።" አሥራ ሦስት ስትደርስ የስታንን ክንድ ጨብጦ እንደያዘ አላወቀም፤ ስታንም አላስለቀቀውም። አሥራ ሁለት ተኩል ሆነች።

"ገና ዘይት አላት" አለ ስታን። "ገና ትወርዳለች።"

አሸተትኩ፤ አዎ፣ አላት። ቀጣዩን ስተኩስ ከውስጧ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። እርሳሷ የዒላማው ሰሌዳ ጋ ሳትደርስ ወደቀች። መለኪያው ሦስት አለ።

ስታን ከእጄ ተቀብሎ ጆሮው ሥር ነቀነቃት። ውስጧ ይንኳኳል።

"አየሩን የሚያምቀው ሞላዋ ተሰበረ" አለ። "እሳቱን አልቻለችውም።"

"ሌላ ሞላ እናስገባላት" አለ ክላይቭ ቶሎ ብሎ። "ዛሬውኑ እገዛለሁ። ከዚያ ለኪያት።"

"ያኔ የምለካው የባለሱቁን ሞላ ነው፣ የኔ ልጅ። የአባትህን አይደለም።"

"ታዲያ አልፋ ነበር ወይስ አላለፈችም?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? ስትወርድ እኮ አይተሻል!"

"ስትወርድ አይቻለሁ። የት እንደምትቆም ግን አላየሁም። ከእንግዲህ ማንም አያይም።"

ልዋሽለት ይገባ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ስታን አጠገቤ ቆሞ እንዴት እዋሻለሁ? ስታን ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ። ያሸነፈ ሰው አይመስልም። "እኔም እኮ ማወቅ እፈልግ ነበር" አለ ለራሱ። "ዕድሜዬን ሙሉ።" የቀዘቀዘውን ሻይ አንሥቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

ክላይቭ ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ጠመንጃዋን በጥንቃቄ አስተኝቶ ጠቀለላት። የተሰበረው ሞላ ይንኳኳል።

"ፖሊስ ትጠሪያለሽ?" አለኝ።

"ለምን ብዬ? ሦስት ናት እኮ። ሕግ ውስጥ ናት። ውሰዳት።"

ካልኩት በኋላ ነው የዊልፍ ቃል እንደሆነ ትዝ ያለኝ። ክላይቭ ግን ወዲያው ነው ያወቀው። ብርድ ልብሱን ከነጠመንጃዋ አንሥቶ አቀፈ።

"አምራ እንድትመጣ ብዬ እኮ ነው" አለ።

ሁለቱም እጆቹ ጠመንጃዋን ታቅፈው ስለነበር፣ ስታን ተነሥቶ በሩን ከፈተለት።