«ደግ ነበረች» አትበይ

ወንበሩ በፍሪጁና በመስኮቱ መካከል ነበር፤ ጀርባው ወደ ግድግዳው፣ ፊቱ ወደ ምድጃው። ምድጃው አጠገብ የሩዝ ማብሰያ ካርቶን ተገልብጦ ቆሟል፤ በላዩ ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። ወንበሩ ላይ እማማ ማንአልሞሽ፣ ካርቶኑ ኋላ ልጃቸው ሠርካለም። ሰኞ ከእራት በፊት ወጥ ቤቱ እንደዚህ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት እማማ ማንአልሞሽ ከእንቅልፋቸው አልተነሡም።

ቅዳሜ፣ በቀብሩ ማግስት፣ አንድ ለቅሶ ደራሽ ወንበሩን አንሥቶ ወደ ሳሎን ሊወስድ ሲል ሠርካለም ከፍራሿ ብድግ አለች።

«እሱን ተወው።»

«ሰው ቆሟል እኮ፣ ሠርክዬ።»

«ይቁም። ብዙነህ ወንበር ሊያመጣ ሄዷል።»

ብዙም ሳይቆይ ባሏ ብዙነህ ገባ። ከቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ተጣጣፊ ወንበሮች ጭኖ መጥቷል። ከኋላው ክራባት ያሰረ ጎልማሳ ፈረንጅ በሁለቱም ብብቱ ወንበር ይዞ ተከተለው።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ እትዬ ገንዘብ። የሟች ታናሽ እህት ናቸው፤ ከታኮማ ከተማ ወደ ሲያትል ከመጡ ጀምሮ ቤቱን የሚያዙት እሳቸው ናቸው።

«ኤጲስ ቆጶሳችን ነው» አለች ሠርካለም።

«የታለ?»

«ወንበር የተሸከመው።»

እትዬ ገንዘብ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ጢም የለው፣ መስቀል የለው።

«በሥራ ቀን ቧንቧ ነው የሚጠግነው» አለ ብዙነህ፣ ለማስረዳት ያህል።

«ማንአልሞሽ ስትነግረኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር» አሉ እትዬ።

ባልና ሚስቱ ሞርሞን የሚባለው፣ ቡና የሚከለክለው የክርስትና እምነት ተከታዮች ናቸው። ሳሎኑን የሞላው ሰው ግን አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ ቡና በማይጠጣበት ቤት ለቅሶ መቀመጥ ምን ይባላል እያለ ሲንሾካሾክ ሰንብቷል። ችግሩን የፈታችው የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ነጂባ ናት። ቡናውን ቤቷ አፍልታ በፔርሙዝ ታመጣለች፤ ለሠርካለም ደግሞ የዝንጅብል ውሃ ለብቻው ትይዝላታለች።

ኤጲስ ቆጶሱ ሠርካለም አጠገብ ተንበርክኮ ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገራት። እሷም በአጭሩ መለሰችለት። እትዬ ገንዘብ አላስቻላቸውም።

«ምን አለሽ?»

«የነገውን ለሌላ ሰው ልስጠው ወይ አለኝ። ገና አልወሰንኩም አልኩት።»

«የነገው ምኑ?»

ሠርካለም ባሏን አየችው። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ የሚሰብክ ቄስ የለም፤ ምእመናኑ ሲጠየቁ እየወጡ ይናገራሉ። ባልና ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቁት በዚህ ወር ነው። እሑድ ከጉባኤው ሲመለሱ ለዘመድ ሁሉ ደውለው ሊያበስሩ አስበው ነበር። ሌላም ዜና ነበራቸው፤ ሠርካለም የእናቷን ሙሾዎች፣ ሙሾ ከወረደላቸው ሰዎች ታሪክ ጋር፣ በመጽሐፍ ልትጽፍ ነው። ሞት ቀደማቸው። ለቅሶ ቤት ደግሞ የምሥራች አይነገርም።

«ነገ ቤተ ክርስቲያን ንግግር ነበረን» አለ ብዙነህ። «ሠርኬ ትናገራለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ።»

ሳሎን ያለው ሁሉ ወደ ሠርካለም ዞረ።

«አፈሩ ሳይደርቅ?» አሉ እትዬ ገንዘብ። «ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነሥታ መድረክ ላይ? ሰው ምን ይላል? ለእናትሽ የሚባለው ተብሏል። ቀብሩ ላይ ተነቧል።»

ሠርካለምን የከነከናትም እሱ ነበር። የተነበበው የሕይወት ታሪክ እትዬ ገንዘብ በችኮላ ያስጻፉት ነው፤ ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ ይላል። ስሙን ቀይሮ ለማንም ማንበብ ይቻላል። ሠርካለም መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆማ ስትሰማ እንባዋ አልመጣም። የሚያወሩላትን ሴት አላወቀቻትም። ነገ ካልተናገረች ደግሞ እናቷ በዚያች ሴት ተተክታ ልትቀር ነው።

እማማ ማንአልሞሽ ቡልጋ ሳሉ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ትልቅ ሰው ሲሞት በቅሎ ይላክላቸው ነበር። ሲያትል ከመጡ በኋላ ግን ለማንም አላወረዱም። የልጃቸውንም ሃይማኖት አልወደዱትም። «ተራ በተራ ትሰብካላችሁ? እንደ ማኅበር ድግስ?» ብለው ስቀዋል። «እኔ እግሬ እዚያ አይረግጥም!» ብለዋል። ሆኖም ሠርካለም ካርቶኑን እንደ አትሮንስ ገልብጣ ንግግሯን መለማመድ ስትጀምር፣ ወንበሩን በፍሪጁና በመስኮቱ መካከል ስበው የተቀመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ሰኞ ዕለት ሠርካለም ከወረቀቷ ማንበብ ጀመረች። «እናቴ በጣም ደግ ሴት ናት...»

«ተይው» አሉ እማማ።

«ምነው?»

«ደግ ነበረች፣ ደግ ናት፣ አትበይ። ውሸት ነው አላልኩም፤ ግን አይታይም። የአባ ይርጉን ለቅሶ ልንገርሽ። ደግ ሰው ነበር። እኔ ታዲያ ምን አልኩ?» ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጥማድ በሬው ሁሌ ከሰው ማሳ ውሎ፣
የራሱ ጦም አደረ፣ ነገ ይደርሳል ብሎ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «በሬውን አሳየሁ፤ በቃ። ደግነቱን ለቀስተኛው ራሱ አወጣው። አገር ተላቀሰ። በይ እንደገና። ወረቀቱንም አትዪ፤ አንድ ሰው እዪ።»

«ማንን?»

«እኔን ነዋ! ሌላ ማን አለ እዚህ?»

ሠርካለም ይህን እያሰበች ፍራሹ ላይ አቀርቅራ ሳለ ነጂባ ፔርሙዟን መሬት ላይ አስቀመጠች። ክርክሩን ከበር ጀምሮ ሰምታዋለች።

«እትዬ ገንዘብ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እማማ ቃል አስገብተውኝ ነበር፤ አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም» አለችና ወጣች። ስትመለስ ታጥቦ የተተኮሰ ነጠላ ክንዷ ላይ ነበር።

«ለነገ ያዘጋጁት ነው። እኔ ጋ ያስቀመጡት እነሠርኬ እንዳያዩት ነው። ‹አብረን እንሄዳለን፤ ከኋላ እንቀመጥና ሳያዩን እንወጣለን። አንቺ ሙስሊም፣ እኔ ኦርቶዶክስ፣ ማን ይጠረጥረናል?› ብለውኝ ነበር።»

ሠርካለም አፏን በእጇ ያዘች። «እግሬ አይረግጥም ብላኝ?»

«እንዲያውም ለሰው ሁሉ ተናግረዋል። ኦቴሎ ሰፈር ላለው ለዓሣ ሻጩ ሳይቀር! ‹ልጄ መድረክ ልትወጣ ነው፤ መጽሐፍም ልትጽፍ ነው› ብለው።»

«መጽሐፉ ሚስጥር ነበር እኮ!» አለ ብዙነህ።

«ዓሣ ሻጩም እንደዚያው ብሎኛል። ሚስጥር ነው አሉኝ አለ።»

ከማክሰኞ ወዲህ በዚያ ቤት ሰው ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እትዬ ገንዘብ ግን አልሳቁም። ነጠላውን ተቀብለው ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ለእኔ አልነገረችኝም» አሉ።

«ይቆጣሉ ብለው ነው» አለች ነጂባ።

«እቆጣ ነበር።» እትዬ ገንዘብ የእህታቸውን ነጠላ እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለበሱት። «ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?»

እሑድ ጠዋት ጥቁር የለበሰው ለቀስተኛ የአዳራሹን የኋላ መደዳዎች ሞላ። ሠርካለም መድረኩ ላይ ቆመች፤ ብዙነህ ከጎኗ። ወረቀቷን አልዘረጋችም። አንድ ሰው ፈለገች፤ ከነጂባ አጠገብ የእናቷን ነጠላ አገኘች። እሱን እያየች ጀመረች።

«እናቴ ጃንጥላ ነበራት። ሲዘንብ ኦቴሎ ባቡር ጣቢያ መጥታ ከሥራ ስመለስ ትጠብቀኛለች። ጃንጥላውን ዘግታ ብብቷ ውስጥ ይዛዋለች፤ እሷ በስብሳለች። ‹እማዬ፣ ለምን አልዘረጋሽውም?› ስላት፣ ‹አንቺ ስትደርሺ ደረቅ እንዲሆንልሽ ነዋ› ትለኛለች።»

ብዙነህ አስተረጎመ። አዳራሹ ፈገግ አለ።

«እኛ ቤት ቡና አይጠጣም። እናቴ አላማረረችም አልልም፤ በየቀኑ ታማርር ነበር። ግን ጎረቤት ወርዳ ጠጥታ ስትመለስ፣ ደጃፉ ላይ በያዘችው ውሃ አፏን ተጉመጥምጣ ነው የምትገባው። ሽታው እኛ ጋ እንዳይደርስ። ሃይማኖታችሁ አይገባኝም እያለች ተጉመጠመጠች። እስከ ሰኞ ድረስ።»

ብዙነህ አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣውም። አማቱ ደጃፉ ላይ ሲጉመጠመጡ አይቷል፤ ምክንያቱን ግን የሰማው አሁን ነው። ፊቱን አዞረ። ሠርካለም ጠበቀችው። እንደማይመለስላት ስታውቅ ወደ ማይክራፎኑ ቀረበች። በሥራ ቦታ ትእዛዝ ከመቀበል ውጭ በማታምነው እንግሊዝኛዋ ታሪኩን ራሷ ተናገረችው፤ ውሃውን፣ ደጃፉን፣ ሰኞን። አንዳንዱ ቃል ተሰበረ፤ የተሰማው ግን ሁሉም ነው።

«እህቴን!» የሚል ጩኸት ከኋላ ተነሣ። እትዬ ገንዘብ ቆመው ደረታቸውን ይደቃሉ። እሳቸው ሲቆሙ የለቅሶ ደንብ ነውና ለቀስተኛው ሁሉ ተከትሎ ተነሣ።

በዚያ አዳራሽ ሰው እየተናገረ የሚነሣ የለም፤ የሚጮህም የለም። ፈረንጆቹ ዞረው አዩ። ከፊት የተቀመጡ አሮጊት ግራ ተጋብተው፣ የቀረባቸው ሥርዓት እንዳይኖር ብለው ተነሡ። አጠገባቸው ያሉትም ተነሡ። አንዲት ሕፃን «ልንዘምር ነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ኤጲስ ቆጶሱ አዳራሹን አየ፣ ሠርካለምን አየ፤ ክራባቱን አስተካክሎ ቆመ። በመጨረሻ የተቀመጠ አልነበረም።

ሠርካለም ንግግሯን በአሜን ዘጋች። መልሱ ከፊትም ከኋላም እኩል መጣ።

ከቀትር በኋላ ከለቅሶ ቤቱ ወንበሮቹ ተጣጥፈው ወደ መኪና ሲጫኑ እትዬ ገንዘብ ወጥ ቤት ገቡ። ነጠላውን አላወለቁም። በፍሪጁና በመስኮቱ መካከል ያለውን ወንበር አይተው ቆም አሉ። ሠርካለም ወንበሩን በራሷ እጅ ወደ እሳቸው አዞረችላቸው። ተቀመጡ።

«በይ» አሉ። «ለዓሣ ሻጩ ሳይቀር ተነግሯል። አሁን መጽሐፉን ባትጽፊ ማንአልሞሽን ውሸታም ታደርጊያታለሽ።»

ሠርካለም ካርቶኑ ላይ አዲስ ወረቀት ዘረጋች። ጽፋ ስትጨርስ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «እናቴ ደግ...»

«አጥፊው» አሉ እትዬ ገንዘብ፣ እንባቸውን በነጠላው ጫፍ እየጠረጉ።

አጠፋችው።

በዚያ ዕለት የተጻፈው አንድ ገጽ ነው። «ደግ» የሚል ቃል የለበትም።