አመተ ማርያም በቃሏ የያዘችው መስኮብኛ

መሪጌታ ድረስ ከቁይ ሲመለስ ሙሴ ፓቬል ከተቀበረ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ድረስ በመምህሩ ተዝካር ላይ ሊገኝ ሄዶ ወንዝ ሞላበትና ዘጠኝ ቀን እዚያው ተቀመጠ። በሐምሌ መንገድ የሚነሣ ሰው ይኼን አስቦ መነሣት ነበረበት፤ እሱ ግን ምኑንም አላሰበ።

ደብረ ኤልያስ እቤቱ ሲደርስ ታላቅ እኅቱ አመተ ማርያም ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች። እግሩን እንኳ ሳይታጠብ ነገረችው።

«ፓቬል ሞተ። የመጨረሻ ቃሉን ይዤልሃለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ትነግረኛለህ።»

ድረስ ካቡ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ደግ ወዳጁ ነበር።

ሙሴ ፓቬል ከሩሲያ የመጣ የመስኮብ ሰው፣ የፈረስ ሐኪም ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ ወረቀት የሌለውን ፈረንጅ ሁሉ ሲያፍስ አመለጠና ኅዳር ላይ እዚህ ገባ። ያገሬው ሰው በቅሎውን ስላከመለት ዝም አለለት፤ ሲያማትብ አይተውም «ይኼማ የኛው ነው» አሉ። ማረፊያው ድረስ ቤት ሆነ። ድረስ ደግሞ ጦርነቱ ተማሪዎቹን የበተነበት የቅኔ መምህር ነው። እንዲህ ያለ ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ያመዋል። ገና በሳምንቱ «ቋንቋህን አስተምረኝ» ብሎ ያዘው።

ያው እንደ ቅኔ ቤቱ ወግ ነው የተማረው፤ እርባታውን እያወረደ፣ አገባቡን እየጠየቀ። መስኮብኛም እንደ ግዕዝ ሆኖ አገኘው። ማን ማንን እንደመታ የሚታወቀው በቃሉ ጅራት፣ በመድረሻው ነው እንጂ በተራው አይደለም፤ ጅራቱ ከተስተካከለ ቃሉ ፊትም ቢቆም ኋላም ቢቆም ያስኬዳል። ድረስ በዚህ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣ፤ በደስታ ነው። ችግሩ ጅራት ሲመርጥ ይመሽበታል። «ውሃ አቀብለኝ» ለማለት ዓይኑን ይጨፍናል፣ በጣቱ ይቆጥራል፣ ይመለሳል፤ ፓቬል ዋንጫውን ይዞ ይጠብቃል። ኋላ የሚወጣው ቃል አንድ እንከን የለውም። ፓቬል ግን ብዙ ጊዜ «ምን አልህ?» ይለው ነበር፤ መጠበቁ ሰልችቶት ልቡ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሆናል።

አመተ ማርያም አላጠናችም። እንዝርቷን እያሾረች ከጎን ትሰማለች፤ አንድ ቀን ደግሞ መናገር ጀመረች። መናገር ከተባለ ነው። ጅራት የሚባል ነገር የለ፤ ማሰሪያ አንቀጹን እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ትጥለዋለች። ድረስ ይስቅባታል።

«እታለም፣ የዚህን ሁሉ ቃል ጅራት ቆርጠሽ ለማን ሰጠሽው?» ይላታል።

«ለአንተ ነዋ። ስትለቅም ትውላለህ» ትለዋለች።

ስምንት ወር እንዲህ ተኖረ። ድረስ ወደ ቁይ በተነሣ ማግሥት ባንዳ ቤት ለቤት መፈተሽ ጀመረ። አመተ ማርያም ፓቬልን የእህል ጉድጓድ ውስጥ ከተተችው፤ የጉድጓዱን አፍ ዘጋች፣ ጭድ ነሰነሰችበት። ሁለት ቀን እዚያ ዋለ አደረ። ዝናቡ ሰርጎ ገብቶ ኖሯል። ባንዳዎቹ ሲሄዱ ከጎረቤት ጋር ጎትታ አወጣችው፤ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ምድጃ ዳር አስተኛችው፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ትኩሳቱ ሲጠናበት ያችው ትንሽ አማርኛው ጠፍታ በቋንቋው ብቻ ነበር የሚናገረው፤ እሱንም ያንኑ አንድ ነገር ደጋግሞ።

«እኔ ነኝ የገደልሁት» አለችው አመተ ማርያም። «ረግሞኝ ከሆነ ልወቀው። ነፍስ አባቴ ዘንድ ምን ብዬ እቀርባለሁ?»

«በይ እስቲ ንገሪኝ።»

ዳዊት በቃሏ የያዘች ሴት ናት፤ የግዕዙ ፍቺ ሳይገባት ከዳር እስከ ዳር ትወጣዋለች። ይኼንንም እንደዚያው፣ ትንፋሹን ሳይቀር ይዛዋለች።

«ቪታሺ ሜንያ። ዝዴስ ሖሎድና።»

ድረስ ሁለት ጊዜ አስደገማት። ቃሉን ከቃሉ ለየ፣ ጅራቱን አየ፣ አገባቡን ጠየቀ። የሚያሻማ ነገር የለውም። «አውጪኝ፤ እዚህ ይበርዳል» ነው ያለው። ሰውዬው ምድጃ ዳር ተኝቶ፣ እሳት ፊቱ እየነደደ፣ አሁንም ጉድጓድ ውስጥ ያለ መስሎት ነበር።

ድረስ ይኼን ለእኅቱ ሊነግራት ነው? እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ቀና ብሎ ዓይኗን አየና፣

«‹እግዜር ይስጥሽ፤ እንደ እናት ያዝሽኝ› ነው ያለሽ» አላት። «እርግማን የለበትም።»

እንዝርቱ ቆመ።

«‹ሖሎድና› ብርድ አይደለም እንዴ?» አለች አመተ ማርያም።

ድረስ ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጭቃ መፋቅ ጀመረ።

«ገብቶኝ ነበር» አለች። «ያን ጊዜውኑ ገብቶኝ ነበር። የተማርኸው አንተ ነህና ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ነው የጠየቅሁህ።»

«አልተሳሳትሽም» አለ ድረስ። «አውጪኝ ነው ያለው። እታለም፣ እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ቢሆንለት መቆጣቷን ይመርጥ ነበር።

«እንግዲያ ሌላ ልጠይቅህ። እኔም መልሼለታለሁ፤ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነው። ‹ያ ቲ ቪታሺ። ዶም። ኦጎን።› ነው ያልሁት። ይገባዋል?»

ቃል በቃል ሲፈታ «እኔ አንተ አውጣ። ቤት። እሳት» ነው። አውጥቼሃለሁ፣ ከቤት ነህ፣ እሳት ዳር ነህ ማለቷ ነበር። ጅራት የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማን ማንን እንዳወጣ እንኳ አይለይም። እንዲህ ያለውን ድረስ ቅኔ ቤቱ ውስጥ ቢሰማ ተማሪውን ተነሥ ይለዋል። አሁንም ዓይኑን ጨፍኖ ጅራት መፈለግ ጀምሮ ነበር፤ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለው። ፓቬል በዚያ ሁሉ ስምንት ወር አመተ ማርያምን «ምን አልሽ?» ብሏት አያውቅም። እሷ አፏን ስትከፍት እሱ ይስቃል፣ ይመልሳል፣ ስለ ፍየሎቿ ይከራከራታል።

ቀና ብሎ ዓይኗን አየና «ይገባዋል» አላት። «አንቺ ያልሽው ሁሉ ይገባው ነበር። ከእኔ ይልቅ የሚገባው ያንቺ ነበር። ከጉድጓዱ መውጣቱን አውቆ ነው የሞተው።»

ድረስ በዕድሜው እንዲህ ያለ ሙሉ እውነት የተናገረበትን ቀን አያስታውስም።

አመተ ማርያም ዓይኑን ትክ ብላ አየችው።

«ቅድም ‹እንደ እናት ያዝሽኝ› ብሎሻል ስትለኝም እንዲህ አድርገህ ነው ያየኸኝ» አለችና እንዝርቷን አነሣች።