የፍልሰታው ኪኒን

እህቴን ልዩን የሚጥላት ምንድን ነው? ውጭ አገር ሕክምና ተምሬ ብመለስም መልሱን አላውቀውም። የጭንቅላት ምርመራዋ ደህና ነው። ደሟ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ አንገቷ ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ የገዛ ሰውነቷ እንደ ጠላት እየወጋው ነው። ምናልባት አንጎሏንም ጭምር። ምናልባት። ሐኪሟ ይህንን ጠርጥሮ ስቴሮይድ የሚባል ኪኒን ካዘዘላት ወዲህ መውደቋ ቆሞ ነበር።

በፍልሰታ አንድ ጠዋት ካዛንቺስ፣ ደጃችን ላይ እንደገና ወደቀች። ጎረቤታችን ዙህራ ሮጠው መጡና ክብሪት ጭረው ወደ አፍንጫዋ አስጠጉ።

“እትዬ ዙህራ ይተዉ! በጎኗ እናዙራት።”

“ፈረንጅ አገር ክብሪት የለም እንዴ ዶክተር?” አሉ፤ ግን እግሯን ያዙልኝ።

ስትነቃ አስገብቼ አስተኛኋት። ኪኒኖቿን ሳይ ስቴሮይዱ ጾሙ ከገባ ጀምሮ አልተነካም።

“ልዩ፣ ለምን አቆምሽው?”

“ጠዋት ከምግብ በኋላ ነው የተባልኩት። ጠዋት ደግሞ አልበላም፣ በቃ። ዛሬ ልቆርብ ነው፤ ውሃም አልቀምስ።”

“በድንገት ሲቋረጥ እኮ ይገድላል!”

“እንደሱ ነው? የሚጥለኝን ሳታውቅ የሚገድለኝን አወቅከው?”



“የንስሐ አባትሽ ምን አሉ?” አልኳት።

“መታመሜን አያውቁም። ማለቴ፣ እንዳትነግራቸው። የሚጥል በሽታ አለባት መባል አልፈልግም። ከነገርካቸው እኔና አንተ ተለያየን።”

ተነስታ ልትለብስ ጓዳ ገባች። ቅዳሴው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ የንስሐ አባቷ አባ ገብረጻድቃን ገና ቤታቸው ይሆናሉ። ስልኩን ያዝኩ፣ አስቀመጥኩ፣ እንደገና አነሳሁት። ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

“ይህን ሁሉ ጊዜ ምነው ደበቀችኝ?” አሉ። “ሕመምተኛ እኮ መድኃኒቱን ይወስዳል። ቁርባኑ ሌላ ቀን ይደርሳል። ቆይ፣ እኔው ልደውልላት።”

ጓዳ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። “እሺ አባ… እሺ” ስትል ሰማኋት። ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

ወጣች። ዳቦ ቆርሳ በላች፤ ኪኒኑን ፊት ለፊቴ ዋጠችው። ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ ልብሷን በቦርሳ ከታ መስቀል ፍላወር አክስታችን ዘንድ ሄደች። ኪኒኑን ይዛው ትሂድ፣ ትተወው፣ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ጻፍኩላት፦ “ልዩ፣ ስደቢኝ ግድ የለም። ዛሬም ወስጃለሁ ብቻ በይኝ።”

መልእክቱን ከፍታ አንብባዋለች። አልመለሰችልኝም።