ሆለታ ድረስ የመጣው ሳሎን

ምንትዋብ ከወይዘሮ አልጋነሽ የውበት ሳሎን ሥራ በለቀቀች በሳምንቱ ሳሎኑ ተከትሏት ሰበታ መጣ።

ያየችው በመስኮት ነው። በተከራየቻት ክፍል የጎረቤቷን ጸጉር ለመሥራት ማበጠሪያ ስታነሳ፣ ገርጂ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የነበረው ሳሎን ከነመጋረጃው ከአጥሩ ማዶ ቆሟል። ማበጠሪያውን ስታስቀምጥ ሄደ። ስታነሳ ተመለሰ።

ስትቀጠር የፈረመችው ውል ግልጽ ነበር፦ ሥራ ከለቀቀች ለሁለት ዓመት ከሳሎኑ በአምስት መቶ ሜትር ክልል ውስጥ ሹሩባ አትሠራም። ሰበታን የመረጠችው ርቀቱን አስልታ ነው። ሳሎኑም አስልቷል።

ጠበቃ ዘንድ ሄደች። ጠበቃው አቶ ግርማቸው ውሉን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንዲህ ያለ ውል ጊዜውና ቦታው ከልክ ካላለፈ ሊጸና ይችላል» አሉ።

«ቦታው እየመጣብኝ እኮ ነው!»

«እሱን ዳኛው ይመዝነዋል። ቀጠሮ ከክረምቱ በኋላ እናገኛለን።»

ነገሩ ግን ክረምት የሚጠብቅ አልነበረም። የታናሽ እህቷ የቤዛዊት መልስ እሑድ ነው፤ ለመልስ ደግሞ ሙሽራ ካባ ደርባ፣ ሹሩባ ተሠርታ ነው የምትታየው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ የቤዛዊትን ሹሩባ ከምንትዋብ በቀር ማንም ሠርቶት አያውቅም። ሌላ ሰው ይሥራላት ሲሏት ምንትዋብ ውሉ የፈለገውን ያድርግ አለች።

እሑድ ጠዋት ሆለታ፣ አባታቸው ግቢ፣ ከድንኳኑ ጀርባ እህቷን ዱካ ላይ አስቀምጣ ጀመረች። የመጀመሪያውን ጉንጉን ስትይዝ ሳሎኑ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ብቅ አለ። ግማሽ ላይ ስትደርስ የጎረቤት በጎች እያስበረገገ ቁልቁል ወረደ። ሹሩባው ሊያልቅ ሲል የሳሎኑ ግድግዳ ጀርባዋን ነካት። በሩ ተከፈተና ወይዘሮ አልጋነሽ በነጠላ ጫማ ወጡ። እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል።

«ምንትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ተይ! ሳሎኑ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎ፣ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገቡት ደንበኞቼ ከማክሰኞ ጀምሮ ቤታቸው አልገቡም።»

«ውሉን ያስፈረሙኝ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«እኔማ ለማስፈራሪያ ነበር እንጂ መች ይሠራል ብዬ!»

«አንድ ጉንጉን ነው የቀረኝ» አለች ምንትዋብ፤ ጨረሰችው። ካስክ ውስጥ ካሉት አንዷ እልል አለች። ወይዘሮ አልጋነሽም ጎንበስ ብለው አዩና «እጅሽ ይባረክ» አሉ። ምሳ ቀረበላቸው፤ ለደንበኞቹም ተላከላቸው።

ምንትዋብ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። ሳሎኑ ግን አልሄደም።

አመሻሽ ላይ ሙሽሮቹ ወደ አዲሱ ቤታቸው ሲነሱ፣ ሳሎኑ ምንትዋብን ትቶ ሹሩባው በሄደበት ተነሳ። አጃቢ መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ወጡ፤ ከሁሉም ኋላ ሳሎኑ ተከተለ። ወይዘሮ አልጋነሽ በመስኮት ሆነው ግቢው ውስጥ ለቀረችው ምንትዋብ እጃቸውን አውለበለቡ። ከኋላቸው ባለው መስታወት ውስጥ፣ የሳሎኑን ጋውን የለበሰች ሌላ ምንትዋብ ውሉ የከለከለውን የቤዛዊትን ሹሩባ አንድ በአንድ ትፈታ ነበር።