የፋዮ ሹራብ

ኮከቤ ሚደቅሳ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአባቷና ከአሥራ አራት ዓመት ልጇ ከኪያ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ልብስ ልታሰጣ ወረደች። አንደኛ ፎቅ ስትደርስ እትዬ ቀመሪያን በራቸው ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

"ምነው እትዬ ቀመሪያ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?"

"ቢልቂስ ወለደች" አሉ።

"እንዴ! ልጅዎ ገና ሁለት ወር ይቀራታል አላሉኝም?"

"እኮ! ያለ ጊዜዋ መጣች። ሴት ናት። ከአንድ ኪሎ ተኩል አትበልጥም።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ሐኪሞቹ ትንፋሿ ጥሩ ነው ብለዋል፣ አልሃምዱሊላህ። ብቻ ሙቀት ያስፈልጋታል። እናቷ ደረቷ ላይ አድርጋ ታሞቃታለች፤ ለራሷ ኮፍያ አምጡ አሉን። አባቷ ፈሀድ ተክለ ሃይማኖት ያሉትን ሱቆች ዞረ፣ መርካቶ ገባ፤ የገዛው ሁሉ አገጯ ድረስ ይወርድባታል። ካልሲ ቆርጬ ልሰፋላት እያሰብኩ ነው።"

"ይተዉት፣ እኔ እሠራላታለሁ" አለች ኮከቤ ሳታስበው።

ልብሷን አስጥታ ደረጃውን ስትወጣ በራሷ ተገረመች። የሹራብ መርፌ ከያዘች ሠላሳ ዓመት አልፏታል።

እናቷ ፋዮ በሕይወት ሳሉ ጌጃ ሰፈር ውስጥ በሹራባቸው ነበር የሚታወቁት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሰፈሩ እናቶች የተማሪ ሹራብ ሊያዝዙ ይመጣሉ፤ ቤቱ በሰማያዊና በቡናማ ክር ይሞላል። ኮከቤንም ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አስተማሯት። እሷም ወደደችው። አሥራ አምስት ሲሞላት ግን ጓደኞቿ የመርካቶ ጃኬት መልበስ ጀመሩ። አንድ ቀን አዲሱን ሹራቧን አልጋ ላይ ወርውራ "ይሄን አልለብስም፤ ከእንግዲህም አልሠራም" አለች። ፋዮ ሹራቡን አንሥተው አጥፈው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ መርፌ አልነካችም። ፋዮ ከሞቱ አሁን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

የእናቷ መርፌዎች ከአልጋው ሥር፣ በሻንጣ ውስጥ ተገኙ። ክር ግን አልነበረም። ኮከቤ ሻንጣውን ስትበረብር ኪያ በሕፃንነቷ የለበሰችው ቢጫ ሹራብ እጇ ገባ። የፋዮ ሥራ ነው። ክሩ ጥጥ ይመስል ይለሰልሳል።

"ኪያ፣ ይሄን ላፈርሰው ነው። ቅር ይልሻል?"

ኪያ የጆሮ ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ አወጣች። ሹራቡን ትከሻዋ ላይ ለካችውና ሳቀች። "ለኔማ ለክንዴም አይሆንም። ለሕፃኗ ይሁን።"

ሁለቱ እየተጋገዙ ተረተሩት። ኮከቤ ክሩን መርፌው ላይ እየጠመጠመች፣ እናቷ "ዓይን" ይሏቸው የነበሩትን ትንንሽ ቀለበቶች ደረደረች። የመጀመሪያው ረድፍ አስቸገራት። ሁለተኛው ቀለላት። አምስተኛው ላይ ጣቶቿ እሷን መጠበቅ ትተው በራሳቸው መሄድ ጀመሩ። ደስ አላት። አናቱ ላይ ስትደርስ ግን እንዴት እንደሚጠብ ጠፋባት። ሞከረች፣ ተጣመመ፤ ፈታችው። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ፈታችው።

"ሁለት ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ ያዢ" የሚል ድምፅ ሰማች።

አባቷ አቶ ሚደቅሳ ነበሩ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

"ምን አሉ አባባ?"

"እንደዚያ ካልቀነስሽ አናቱ አይዘጋም። ደግሞ አጥብቀሽዋል። የሕፃን ራስ ነው፣ ላላ ይበል።"

ኮከቤ ሳቀች። "እማዬ ስትሠራ አይተው ነው አይደል?"

አቶ ሚደቅሳ ሬዲዮውን ዘጉ። "ወዲህ አምጪው" አሉ።

ብርጭቆ ሲይዙ የሚንቀጠቀጡት እጆች መርፌውን ሲይዙ ጸጥ አሉ። ሁለት ረድፍ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱ። ኪያ ስልኳን አስቀምጣ ቀረበች። ኮከቤ አፏን ከፍታ ቀረች።

"እናትሽን ያስተማርኳት እኔ ነኝ" አሉ አቶ ሚደቅሳ፣ ዓይናቸውን ከክሩ ሳያነሱ።

ኮከቤ አባቷ በደርግ ጊዜ አራት ዓመት መታሰራቸውን ታውቃለች። ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ግን ሰምታ አታውቅም። በዚያ ጠዋት አወሩ።

"ስታሰር አንቺ ገና አልተወለድሽም። ገዳ የሚባል ሰው አጠገቤ ይተኛ ነበር። ሹራብ ከእናቱ ነው የተማረው። ሁለት ራጂ፣ የብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ ሲሚንቶ ላይ ሞርዶ መርፌ አደረገልኝ። ክሩ ከቤተሰብ ከሚመጣልን አሮጌ ሹራብ ነው፤ ተርትረን እንደገና እንሠራዋለን። ቀኑ አልገፋ ሲል ሹራቡ ነበር የሚገፋልን። መጀመሪያ የሠራሁት ያንቺን ነው። አይቼሽ አላውቅም፣ በግምት ነው የሠራሁት። እናትሽ ልትጠይቀኝ ይዛሽ ስትመጣ እጅጌው ክርንሽ ላይ ቀርቷል።"

"ሲፈቱስ?" አለች ኪያ።

"ስፈታ ሥራ የሚሰጠኝ ጠፋ። ፋዮን አስተማርኳትና አብረን መሥራት ጀመርን። እሷ ገላውን፣ እኔ እጅጌውንና አንገቱን። እኔ የምሠራው ማታ፣ አንቺ ስትተኚ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣም መርፌዬን ትራስ ሥር እከታለሁ። ወንድ ልጅ ሹራብ ሲሠራ ካዩ የት ተማርክ ማለታቸው አይቀርም፤ እኔ ደግሞ እሱን ማውራት አልፈለግኩም።"

"ያን ጊዜ የወረወርኩት ሹራብ..." አለች ኮከቤ።

"አንገቱ የኔ ነው።" አቶ ሚደቅሳ ፈገግ አሉ። "ሁለት ቀን የፈጀብኝ አንገት! ተቀይሜሽ ነበር። እናትሽ ናት 'ልጅ ናት፣ ተዋት' ያለችኝ።"

"ለምን አልነገሩኝም አባባ?"

"እናትሽ ስታርፍ መርፌውን ማየት ራሱ ጠላሁ። ዛሬ አንቺ ስትሳሳቺ ሳይ ግን አላስችል አለኝ።"

ኮከቤ ተነሥታ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። እሳቸውም ጫፉን ዘግተው፣ ትርፉን ክር ቆርጠው፣ ብርቱካን የምታህል ቢጫ ኮፍያ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

ኮከቤ ኮፍያውን ወዲያው ለእትዬ ቀመሪያ አደረሰች። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ቀመሪያ ደረጃውን እንደ ልጅ ሮጠው ወጡ። "ልክ! ልክ ሆነ!" እያሉ ገቡ። "አሁን ለራሷ ተሠራ የሚባል ይሄ ነው። ነርሶቹ ማን ሠራው አሉኝ። አጠገቧ የተኙት እናቶችም ለኛስ እያሉ ነው።"

"እንግዲህ ሥራ መጣ" አሉ አቶ ሚደቅሳ፤ ኪያንም አጠገባቸው አስቀመጧት።

ኪያ ለመማር ችኩል ነበረች። ዓይን ትዘላለች፣ ትናደዳለች፣ ትፈታለች። አያቷ ግን አይቆጡም፤ ሦስቴ እንኳ ብትፈታው "ይሁን፣ ክሩ አያልቅም" ይሏታል። የመጀመሪያ ኮፍያዋ አንድ ጎኑ ረዘመ፤ እትዬ ቀመሪያ እሱንም ሳይንቁ ወሰዱት። ሕፃኗ በአምስተኛው ሳምንት ሁለት ኪሎ ተኩል ሊሞላት ሲል ወደ ቤቷ መጣች። ስሟን ሀናን አሏት።

አቶ ሚደቅሳ ዛሬ ዛሬ ክር ይዘው ግቢው ውስጥ፣ ሰው ፊት ይቀመጣሉ። ጎረቤታቸው ጋሽ አብዱልሃሚድ ወንበር ስበው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ የእስር ቤቱን ዘመን፣ አንዳንዴ ኳስ ያወራሉ። ኮከቤም ማታ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ጥቂት ረድፍ ሳትሠራ እራት አትበላም።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስቱም ክር ሊገዙ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄዱ። ኪያ ወይን ጠጅ ይሁን አለች። ኮከቤ ነጭ መረጠች። አቶ ሚደቅሳ አረንጓዴውን ድቡልቡል ክር ከመደርደሪያው አንሥተው ጉንጫቸው ላይ አሻሹና "የሚለሰልሰው ይሄ ነው፣ በቀለሙ እናንተ ተጨቃጨቁ" አሉ። ባለሱቁ እየሳቀ ሦስቱንም ጠቀለለላቸው።